ሃርድ ዲስኩ የተጠቀለለበት ሽርጥ

ለተከበሩ የዋስትና ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ ደህና ነው? እኛ እዚህ ሰመራ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። የእርስዎ ቢሮ ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ ስደውል ከጀርባ ከሚሰማው ድምፅ ገብቶኛልና ስለ እርስዎ ጤና ብዙም አልሰጋሁም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌም ለድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። በግል የላክኋቸው ሁሉ መልስ አጥተው ስለቀሩ፣ ምናልባት ክቡርነትዎ ሰው በተሰበሰበበት ማንበብ ይወዱ ይሆናል ብዬ ነው።

ስሜ ሣህሌ ቢሰጥ ይባላል። ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፤ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሠርግ እቀርጻለሁ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴን የእትዬ ኑራን ልጅ፣ የሙጂባን ሠርግ ቀረጽኩ። እትዬ ኑራ ከወሎ መጥተው፣ እዚህ ሱቅ ከፍተው፣ ሙጂባንና ታላቅ ወንድሟን አብዱናሲርን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። አብዱናሲር የከባድ መኪና ረዳት ነበር። በሠርጉ ዕለት እናቱ ከድንኳኑ ጀርባ ከድስቱ አጠገብ ሳይነቃነቁ ሲውሉ፣ እሱ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ሳህኑን በእጁ እንደያዘ ካሜራዬ ፊት መጣና፣ «እማ፣ ይህን ስታዪ ቁጭ ብለሽ እዪው፤ ዕድሜሽን ሙሉ እንደቆምሽ ነው» ብሎ ስቆ ሄደ። እትዬ ኑራ አልሰሙትም። የሰማሁት እኔና ካሜራዬ ነን።

ሠርጉ ወር ሳይሞላው አብዱናሲር ሰርዶ አጠገብ ጎማ ሲቀይር ሌላ መኪና ገጨው። ጎረቤቶቼ አላህ ይርሀመው አሉ፤ እኔም ነፍሱን ይማር አልኩ። ቪዲዮውን አቀናብሬ ሳልጨርስ፣ ለቅሶው ሳይበርድ፣ ከእናንተ የገዛሁት ሃርድ ዲስክ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ሲል ዋለና ጭራሽ ዝም አለ። የካሜራው ካርድ ላይ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበት ነበር። የዚያ ልጅ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የነበረው እናንተ ዋስትና በሰጣችሁበት ብረት ውስጥ ብቻ ነው። የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቅሬታ ብዬ ስሙን አላበላሽም።

፩. በመጀመሪያ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። ኃይለ ልዑል የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ወዳጄ ከፍቼ ልሞክረው ሲለኝ፣ የእናንተ ሠራተኛ በስልክ፣ ስቲከሩ ከተላጠ ዋስትናው እንደሚሰረዝ፣ ውስጡ ያለውን የሚያወጣው መሣሪያም እናንተ ዘንድ ብቻ እንዳለ፣ ሳይነካ ከመጣ ግን እንደሚሞከር በጨዋ አንደበት አስረዳችኝ። እኔም ያችን «ይሞከራል» የምትል ቃል እንደ ትልቅ ነገር ይዤ እትዬ ኑራ ዘንድ ሮጥኩ። እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉላችሁ። ደርሷችሁ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ እሱ እንኳ ተመላሽ አይጠየቅበትም።

፪. ስለ አስተሻሸግ መመሪያችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ዕቃው ከመናጥ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ይጠበቅ፤ ዙሪያውን ለስላሳ ነገር ይደረግለት፤ ካርቶኑ ሲነቀነቅ ድምፅ አያሰማ ይላል። ታዘዝን። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ፣ ሃርድ ዲስኩን በላስቲክ ደጋግሜ ጠቅልዬ፣ በብስኩት ካርቶን አሸግኩትና በላዩ ላይ «ከሙቀት ይጠበቅ» ብዬ በደማቁ ጻፍኩበት። እዚህ ዕቃ የሚላከው በሚያውቁት ሹፌር ነውና ለጣሃ ሰጠሁት። ጣሃ አብዱናሲር ረዳቱ የነበረ ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ልጁን ከአስፋልት ያነሳው እሱ ነው። አዳይቱ አካባቢ ሙቀቱ ሲጠናበት፣ የተጻፈውን አነበበና፣ እኛ የመጠጥ ውሃ ጀሪካናችንን እንደምናቀዘቅዘው፣ ካርቶኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ንፋስ እንዲያገኘው መኪናው ጎን ላይ አንጠለጠለው። እስከ አዋሽም በየመንገዱ እየወረደ፣ ለራሱ ከያዘው ውሃ እየቀነሰ አርከፈከፈበት። በዚህ በረሃ ለአንድ ዕቃ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። የእናንተ ዕቃ ተቀባይ ግን ካርቶኑ ረጥቧል ብሎ ሳይከፍተው መለሰው።

ላስቲኩ ውስጥ ጠብታ አልገባም ነበር። ጣሃ ግን ካርቶኑን ይዞ ሲመለስ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆሞ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ «እሱን አላተረፍኩ፣ ድምፁን እንኳ ማድረስ አቃተኝ» እያለ አለቀሰ። ለዕቃ ተቀባይዎ ንቃት ከልብ የመነጨ አድናቆቴን ያድርሱልኝ።

፫. በሁለተኛው ጊዜ ማሸጉን እትዬ ኑራ ራሳቸው ያዙት። ስፖንጁን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ ይህ ይቆረቁረዋል አሉ። ቤታቸው ገብተው የአብዱናሲርን ሽርጥ ይዘው መጡ። በሠርጉ ቀን ያገለደመው ነው፤ ከሞተ ወዲህ ትራሳቸው ሥር አድርገው ነው የሚተኙት፣ ጠረኑ እንዳይሄድ ብለውም ውሃ አላስነኩትም። ኧረ እትዬ፣ ይሄስ ይቅር ብዬ ለመንኳቸው። «ምን ይሆናል? ዕቃው ሲመለስ አብሮ ይመለስ የለም እንዴ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳዎ። በእኛ ሰፈር፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ምግብ ሲልክ ሳህኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ይሄዳል። ሳህኑም ጨርቁም ይመለሳል። ሳህኑን ባዶውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢታጣ እፍኝ ስኳር ይደረግበታል። የሰው ዕቃ የመጣበትን ጨርቅ የሚጥል ሰው አጋጥሞን ስለማያውቅ፣ ማሸጊያ የሚጣል ነገር መሆኑ አልታየንም። ያለመሠልጠን ነው፤ ይቅር ይበሉን።

እትዬ ኑራ ሽርጡን አጣጥፈው ሃርድ ዲስኩን ሕፃን እንደሚታቀፍ አድርገው ጠቀለሉት። ካርቶኑን ነቀነቅነው፤ እንደ መመሪያችሁ ድምፅ አልነበረውም። ውስጡም፣ ቪዲዮው የማይወጣ ከሆነ ራሱን ሃርድ ዲስኩን መልሱልን፣ ሽርጡንም አደራ የሚል ወረቀት አስገባሁ። ጣሃ በዚህኛው ጊዜ እርጥብ ነገር አላስጠጋበትም። አብዱናሲር ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በቀበቶ አስሮ ወሰደው።

፬. ስለ መልሳችሁ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግን አላውቅም። እትዬ ኑራ በየጁምዓው ፎቶ ቤቴ በር ላይ እየቆሙ «ልጄ ከአዲስ አበባ መጣ ወይ?» ይሉኝ ነበር። ልጃቸው ካሜራዬ ፊት ያለውን ነግሬያቸው ስለነበር፣ ወንበር ሳቀርብላቸው፣ ሲመጣ ነው የምቀመጠው፣ እሱ ነው እንዲያ ያለኝ ይሉኛል። የላካችሁት ካርቶን የደረሰ ቀን ንጹሕ ሻሽ አስረው መጡና፣ ገና ሳልከፍተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

ከፈትኩት። አዲስ ሃርድ ዲስክ ነው። ሰካሁት፤ ባዶ ነው። ያውም የድሮውን እጥፍ የሚይዝ ባዶ። አብሮት የመጣው ወረቀታችሁ፣ ዋስትናው የሚሸፍነው ዕቃውን እንጂ በውስጡ ያለውን እንዳልሆነ፣ የተበላሸው በአሠራራችሁ መሠረት እንደተወገደ፣ ከደረጃ በታች የሆነው ማሸጊያም አብሮ እንደተወገደ ይገልጽና፣ ስለመረጣችሁን እናመሰግናለን ብሎ ይጨርሳል። እኔ ይህን ሳነብ እትዬ ኑራ ካርቶኑን ወደ እሳቸው ስበው፣ የናንተን ነጭ ስፖንጅ አንድ በአንድ እያወጡ መሬት ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሽርጡን እየፈለጉ ነው። ካርቶኑ ሲያልቅባቸው፣ የልጄ የት አለ? አሉኝ። ወረቀታችሁን አነበብኩላቸው።

ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። የዙህር ሶላት ተጠራ፣ አልተነሡም። ሙጂባ መጥታ በእቅፏ ይዛ ወሰደቻቸው። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በምፀት ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አለቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቃቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ወደ እኔ ግን አይመጡም። ጁምዓ ሲሆን ወንበሩን በር ላይ አወጣዋለሁ፣ ሲመሽ መልሼ አስገባዋለሁ።

እንግዲህ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዋስትና ክፍልዎ ስፋት፣ ለአሠራራችሁ ጽናት፣ ለማቀዝቀዣዎም የማይቋረጥ መብራት እየተመኘሁ፣ የምትወዱት ሰው ድምፅ ዋስትና ባለው በምንም ዕቃ ውስጥ እንዳይገኝ ከልቤ እየጸለይኩ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የዘወትር ደንበኛዎ፣
ሣህሌ ቢሰጥ
ከሰመራ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አዲሱን ሃርድ ዲስክ በጣሃ እጅ መልሼላችኋለሁ። ባዶውን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ እትዬ ኑራ እፍኝ ስኳር በላስቲክ ቋጥረው በሙጂባ እጅ ልከውልኝ ጨምሬበታለሁ፤ ለሠራተኞቻችሁ ሻይ ይሁን። ሽርጡ ምናልባት ከመጋዘናችሁ ጥግ ወድቆ፣ ወይም ከቆሻሻው መሃል ከተገኘ፣ ያለ ካርቶን፣ ያለ ስፖንጅ፣ እንዲያው በፌስታል ለጣሃ ይስጡልን። ቢቆሽሽም፣ ቢቀደድም ግድ የለም። ብቻ አደራዎን፣ እንዳይታጠብ።