ደህና ነው ያልኩት እግሬ

ሐሙስ፣ ገብርኤል

ራስ ደህና። ዓይን ደህና። ሆድ ደህና። እግር ደህና። አለቀ። ሲስተሯ ጻፍ ብላለች፣ ጽፌያለሁ።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ወድጄ አይደለም። የውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ስኳር አለብዎት አለችኝ። ከቀበሌ ሱቅ የሚደርሰኝን ስኳር ለጎረቤት ልጆች ነው የምሰጠው፣ ከየት መጣ? ሌላስ ምን ያምዎታል አለች። ምንም አልኳት። «ምንም የሚባል በሽታ እዚህ አናክምም አባባ፣ ጫማዎን ያውልቁ» አለች።

ግራ እግሬ አውራ ጣት ሥር ቁስል አለ። መቼ ቆሰለ አለችኝ። የቱ አልኳት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ቁስሉ ካልዳነ አዲስ አበባ ትልከኛለች። ጣቱን ይቆርጣሉ፣ ካልሆነም እግሩን። እግር የሌለው ባለጋሪ ምን ይሠራል? ጋሪ ላይ የሚወጣው በእግር ነው።

በባዶ እግር አትሂድ፣ ማታ ማታ እግርህን ታጠብና ውስጡን እይ፣ ሰውነትህ የሚልህን ሁሉ በየቀኑ ጻፍ። ትእዛዙ ይሄ ነው። ደብተሩንም የሰጠችኝ እሷ ናት፣ መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ ብዬ ስለፎከርኩባት። አፌ ነው ያስያዘኝ። በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ይዤ እቀርባለሁ።

ዓርብ

ትናንት የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ሁሉም ደህና። ደህና ለሰላምታ ነው፣ ለሰውነት አይሆንም ብላኝ ነበር ሲስተሯ። እና ምን ልበል?

ለፈረሴ ለቦራ ቃል አላጣም። ዛሬ ሰነፈ፣ ዛሬ ትከሻው ከብዶታል፣ ዛሬ ውሃው አልተስማማውም እላለሁ። ለራሴ ሲሆን እስክሪብቶው ይቆማል።

መናኸሪያው በር ላይ ቱሉ ደብተሩን ኪሴ ውስጥ አየ። ቱሉም እንደኔ ባለጋሪ ነው፣ አብረን ነው ያረጀነው። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ በቀለ! ካድሬ ሆንክ እንዴ? ማንን ነው የምትመዘግበው?» አለኝ። ራሴን አልኩት። «እንግዲያው ሪፖርቱ አያልቅም» ብሎ ሳቀ።

እግር ማጠቡን አልሠራሁም። እግሬን ሚስቴ አስካለ ነበረች የምታጥበው። ማታ ስገባ ውሃ ታሞቃለች፣ ታጥባለች፣ ታሻለች፣ ጥፍሬንም እሷ ትቆርጣለች። ዛሬ አሞሃል ትለኛለች፣ እኔ ሳላውቀው። ከሞተች ወዲህ ውሃ ከላይ ደፋ አደርግበታለሁ እንጂ እግሬን አላየሁትም። የገዛ እግሩን ጎንበስ ብሎ የሚያሽ ወንድ በእኛ ቤት አላየሁም። ጎንበስ ልበልስ ብል ወገቤ እሺ አይልም።

ይኸው ወገቤን ጻፍኩ። ወገብ፣ እሺ አይልም።

ቅዳሜ፣ ማርያም

ሲስተሯ እንዳለችው አደረግሁ። ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከአናቴ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ጎረቤት ቢያይ አበደ ይላል፣ በሩን ዘጋሁ።

ጉሮሮ፣ የወንጂ መንገድ አቧራ የገባበት ይመስላል። ትከሻ፣ የቀኙ ከግራው ከፍ ብሏል፣ ልጓም ስስብ የኖርኩበት ነው። ይሄን በዕድሜዬ ሙሉ አላወቅሁም ነበር። ደረት፣ ሰፊ። ሆድ፣ ከበላሁም በኋላ ይርበዋል። ቀኝ እግር፣ ጉንዳን ይሄድበታል፣ ያቃጥለኛል። ግራ እግር፣ ፀጥ።

ከሁሉም ጤነኛው ግራው ነው እንግዲህ። ሲስተሯ ዝም ብላ ነው ያስፈራራችኝ።

እሁድ

የቀበሌ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ብዙ ተናገረ። ዓይኔን ሳልጨፍን እዚያው ተቀምጬ ሰውነቴን ፈተሽኩት። ልማድ ሆነብኝ መሰለኝ።

እጅ፣ ተጨብጧል። ጥርስ፣ ተነክሷል። ምክንያቱን አልጽፍም።

እጄን ፈታሁት። ንግግሩ ሳያልቅ ተመልሶ ተጨበጠ።

ሰኞ፣ ጊዮርጊስ

የዓመቱ ክብረ በዓል። ቦራን ፈትቼ አሳረፍኩት፣ የፈረሰኛው ቀን ነውና። ነጭ ለብሼ ሄድኩ።

ጫማ አታውልቅ ተብያለሁ፣ አልረሳሁም። ግን በታቦት ፊት በጫማ ልቁም? አባቴም አያቴም ያላደረጉትን? አወለቅሁ።

ታቦቱ ሲወጣ ቀትር ሆኖ ነበር። የናዝሬትን የሚያዝያ ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። የግቢው ንጣፍ ድንጋይ ሰውን ሁሉ ያስጨፍራል፣ አንዱን እግር ያነሳሉ፣ ሌላውን ይጥላሉ። ቱሉ እየዘለለ ወደ ጥላው ሸሸ። «አንተ ጃርሳ፣ ና ወዲህ፣ ትጠበሳለህ!» ይለኛል። ሽማግሌ ማለቱ ነው፣ በዕድሜ እንደሚበልጠኝ ረስቶ። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ከኋላዬ ያሉ ሴቶች «እምነት ማለት እንዲህ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ቀኙን ትንሽ ስላቃጠለኝ ክብደቴን ወደ ግራው አድርጌ ታቦቱ እስኪያልፍ ቆምኩ።

ደረቴ ተነፋ። ይሄንንም ሰውነት ብዬ ልጻፈው። ደረት፣ ተነፍቷል።

ማክሰኞ፣ ተክለ ሃይማኖት

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው የቦራን እግሮች እያነሳሁ ኮቴውን ጠረግሁ። ሳልጠርግ ጠምጄው አላውቅም። የፊት ግራው ላይ ጠጠር ተሰክቶ አገኘሁ። በጣቴ ስጫነው እግሩን ነጠቀኝ። አይዞህ አልኩት። ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። የእሱን በየቀኑ አያለሁ፣ የእኔን ማን ያያል?

ፉርሽካው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የአስካለን መስተዋት መሬት ላይ አስቀምጬ እግሬን ከላዩ ያዝኩት። የግራው ውስጥ እግር ጠቅላላ ውሃ ቋጥሯል። ግማሹ ፈንድቶ ቆዳው ተንጠልጥሏል። አንድ ሌሊት ሙሉ በዚህ እግር ተኝቻለሁ። በዚህ እግር ሄጄ ውሃ ቀድቻለሁ።

ተጫንኩት። ምንም። ጠንከር አድርጌ ተጫንኩት። ምንም።

ቦራ ለአንዲት ጠጠር ደነገጠ። ሴቶቹ እምነት ያሉት፣ እኔም የኮራሁበት፣ የሞተ እግር ነው።

ፈራሁ። ከእምብርቴ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ቀዝቃዛ ነው። አስካለ የሞተች ዕለትም እዚያው ነበር፣ ያኔ ስም አልሰጠሁትም።

ረቡዕ

ቀጠሮዬ ዓርብ ነው፣ እስከዚያ አልሄድም ብዬ ነበር። ቱሉ መጣ። ስላላየኝ ነው የመጣው። እግሬን አየና አልቀለደም። ቦራን በራሴ ጋሪ ጠመደ፣ እኔን ከኋላ ጫነኝ። ልጓሙን ስጠኝ ስለው «ዛሬ ዕቃ ነህ፣ ዕቃ አይናገርም» አለኝ። መናኸሪያው ሁሉ እያየኝ በገዛ ጋሪዬ ተጭኜ ሄድኩ።

ሲስተሯ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አጠበችው፣ በፋሻ አሰረችው፣ መርፌ ወጋችኝ። ከዚያ ደብተሩን አነበበች። ቅዳሜ ላይ ስትደርስ ቆመች። «አባባ፣ ያቃጥለኛል ያሉት ቀኙ ገና በሕይወት አለ። ፀጥ ያለው ነው የታመመው» አለች። አዲስ አበባ ልትልከኝ ወይም ላትልከኝ፣ ግራውን ዓርብ አይታ ትወስናለች። እስከዚያ አትርገጠው ብላኛለች።

ሐሙስ

አልረገጥኩትም። ቁጭ ብዬ መዋል ከሥራ ይከብዳል። ቦራ ደጅ ሆኖ ሲያንኳኳ ይውላል፣ የት ቀረህ ማለቱ ነው።

ከሥራ ሲመለስ ቱሉ ሳፋ ይዞ ገባ። ደህነኛውን እግርህን ልጠብልህ አለ። ተው አልኩት፣ ነውር ነው። «ሚስትህ ልሁን አላልኩ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ አምጣው» አለኝ። ሰጠሁት። ሙቀቱን መጀመሪያ በክርኑ ለካው። ሲስተሯ ነግራዋለች ለካ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከፋሻው በላይ ግራውንም በጣቱ እየነካ ወጣ። እዚህ? የለም። እዚህስ? የለም። እዚህስ? ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ አለ አልኩት። የሰው ጣት መሆኑን አወቅሁ፣ ሻካራ መሆኑንም። ደግነቱ ዓይኔ ተጨፍኗል።

ዓርብ፣ መድኃኔዓለም

ፋሻውን ስትፈታ ፊቷን ነበር የማየው። ፊቷ ምንም አይልም። የሞተውን ቆዳ እየቆረጠች አነሳች። አውራ ጣቱ አላማራትም፣ ጠቁሯል። እሱ ሊሄድ ይችላል አለች። ከዚያ ተረከዜ ጋ ስትደርስ ሳላስበው እግሬን ነጠቅኋት።

«ምነው አባባ?»

አመመኝ አልኳት። ይሄን ቃል ለማንም ሰው ብዬው አላውቅም፣ ለአስካለም ቢሆን። ሲስተሯ መቁረጫውን አስቀምጣ ሳቀች። ቱሉ በር ላይ ሆኖ «ተመስገን፣ ጮኸ!» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ዛሬ አልተላክሁም። ሰኞ ደግማ ታየዋለች፣ ያኔ የምትለውን አላውቅም።

ራስ፣ ከብዶኛል። ጉሮሮ፣ ደረቅ። ሆድ፣ ፍርሃቱ አለ፣ ትንሽ ሞቅ ብሏል። ቀኝ እግር፣ ጉንዳኑ አለ፣ ይኑር። ግራ እግር፣ ጣቱ ዝም። ተረከዙ ያማል።

እሰይ፣ ያማል።