ካቴናው እስኪመጣ

ማክሰኞ

ተበጠሰ። ጥቁር ውሃ ደርሼ፣ ሀዋሳ ገባሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ካቴናው ቋ! አለና ሞተሬ ባዶውን ይጮህ ጀመር። ተመስገን፣ እግሬን አልመታኝም። አንድ ባጃጅ በገመድ እየጎተተ እስከ እትዬ ዘነበች በር አደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ ሰው እየቆመ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ዝዋይ ያደርኩበት ሆቴል ዘበኛ ሞተሬን አጥቦ ጠበቀኝ። በምን? በቤንዚን! ካቴናውን በቤንዚን ፈትጎ፣ አብለጭልጮ፣ "እህቴ፣ አዲስ አደረግኩልሽ" አለኝ። በየመገጣጠሚያው ቅባቱን የሚይዙ ጎሚኒ የሚባሉ ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ ቤንዚን ይበላቸዋል። እኔ በየማታው በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ እያጸዳሁ፣ ዘይት እየቀባሁ፣ እንደ ሕፃን የያዝኩትን! ምን ይባላል? በደግነት ነው ያደረገው። አመስግኜው ሄድኩ። እርግጥ ካቴናውም ልጅ አልነበረም።

እትዬ ዘነበች የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በሩን ከፍተው እኔን አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ የተንጠለጠለውን ካቴና አዩና "ተመስገን ጌታዬ!" አሉ። ለምን እንደተመሰገነ ያኔ አልገባኝም።

ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። "ሞያሌ ደርሼ እመለሳለሁ" አልኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ሞያሌ ምን አለሽ?"

ምንም የለኝም። መንገዱ ነው ያለኝ። ድሬዳዋ ሄጃለሁ፣ ጅማ ሄጃለሁ፤ በደቡብ በኩል እስከ ጫፉ መንዳት ግን ስንት ጊዜ ያሰብኩት ነው። ከሥራ የወሰድኩት ፈቃድ ደግሞ አጭር ነው። ይህን ለእትዬ ላስረዳ ስል "ብዪ" አሉኝ። በላሁ። "ኧረ ብዪ!" አሉ። ደገምኩ።

የማድረው በልጃቸው በታምራት ክፍል ነው። ታምራት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፤ ለበዓል ይደውላል። የኳስ ጫማው አሁንም አልጋው ሥር ነው። አቧራ የለበትም።

ረቡዕ

መካኒኩ ማቴዎስ መጥቶ ካቴናውን አገላብጦ አየ። የተሰበሩትን አውጥተን እንቀጥለው አለ። ያጥራል፣ ይጠብቃል፣ ሌላ ቦታ ይበጠሳል አልኩት።

"እስከ ዲላ ያደርስሻል።"

"ከዲላ በኋላስ?"

"ከዲላ በኋላ እግዚአብሔር አለ።"

አለ፣ ግን ካቴና አይሸጥም። መሃል ከተማን ከማቴዎስ ጋር በባጃጅ ዞርን። የባጃጅ ዕቃ ሞልቷል። የትናንሽ ሞተር ካቴና ሞልቷል። የእኔ ልክ የለም። አዲስ አበባ ጓደኛዬ ሕይወት ጋ ደወልኩ፤ ገዝታ በሚኒባስ ትልካለች። የካቴናውን ቁጥር በጽሑፍ ላክሁላት።

ምሳ ላይ ቅቤ የጠጣ ቆጮ ቀረበ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው አልኩ። እትዬ ጴንጤ ከሆኑ ቆይተዋል፤ የእኛን ጾም ይርሱት አይርሱት እንጃ። "ለመንገደኛ ጾም የለም" አሉኝ። መንገድ አላስወጣ ብለውኝ መንገደኛ ይሉኛል!

ማታ አባዬ ደወለ። ማን እንደነገረው ግልጽ ነው።

"እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ቅዳሜ አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ። ሞተሩንም አንቺንም ጭኜ ነው የምመለሰው።"

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ባንክ ነው የምሠራው። ሞተሩ በስሜ ነው፤ ማንም እጄን ይዞ አይጭነኝም። ግን ራሴን አውቃለሁ። አባዬ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ "አልሄድም" አልለውም። አንዴ እንደ በግ ተጭኜ ሰፈር ከገባሁ እናቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይመክራል፣ እኔም ይደክመኝና ሞተሩን እሸጣለሁ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ድካሙ።

ሐሙስ

የግቢው በር ቁልፍ እትዬ አንገት ላይ ነው። ለመውጣት ማስፈቀድ አለብኝ። አጥሩ ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ቆሟል፤ ከሐይቁ ዳር መጥቶ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቁልቁል ያየኛል። እሱ ሲፈልግ ይበራል።

ረፋዱ ላይ የጸሎት እህቶቻቸው መጡ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጎማ ጥርስ በብሩሽ እፈትጋለሁ፤ አዲስ ካቴና በቆሻሻ ጥርስ ላይ አይገባም። ከሳሎን ስሜን ሰማሁ።

"ጌታ ሆይ፣ የትዕግስትን መንገድ ዝጋ! የፈርዖንን ሰረገላ መንኮራኩር እንዳሰርክ፣ እሰርልን!"

"አሜን! አሜን!"

ፈርዖን! እኔ? ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ስቄ ልሙት ወይስ አልቅሼ? ይህ ሁሉ ሴት ተሰብስቦ በአንድ ካቴና ላይ!

እኔም ዝም አላልኩም። አስፈቅጄ ወጥቼ በባጃጅ ገብርኤል ሄድኩ። "ካቴናዬን አድርስልኝ፣ አንድ ደርዘን ጧፍ አስገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ገብርኤልን ለካቴና ማስቸገር ያሳፍራል። ግን የጀመሩት እነሱ ናቸው።

አመሻሽ ላይ ሚኒባሱ ደረሰ። ካርቶኑን እዚያው መናኸሪያ ቀደድኩት። ቀጭን! የትንሽ ሞተር! ሻጩ "ይሆናታል" ብሏት ነው ሕይወት የተሸወደችው። ይሆናታል! ቀሚስ መሰለው እንዴ?

እትዬ አዩት። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። አንድ ለባዶ መሩ።

ሕይወት ይቅርታ ስትል ማልቀስ ነው የቀራት። ትክክለኛውን ነገ በማለዳው ሚኒባስ ትልካለች። የእኔ ስልክ ባትሪው ስለማይታመን የእትዬንም ቁጥር ለሹፌሩ እንድትሰጠው ነገርኳት።

ዓርብ

አልመጣም።

መብራት ጠፍቶ ስላደረ ስልኬ ሞቷል። አንድ ሻይ ቤት ቻርጅ አድርጌ እስክከፍተው ረፍዷል። የሹፌሩ ስልክ አይሠራም። ሕይወት በእናቷ ትምላለች፣ "በእጄ ነው የሰጠሁት" ትላለች። መናኸሪያ የመጣውን ሚኒባስ ሁሉ ጠየቅኩ። ተራ አስከባሪዎቹ ሰለቹኝ፤ አንዱማ "እህት፣ ካቴና ነው ወይስ ባል የምትጠብቂው?" አለኝ። ባል ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር አልኩት።

ስመለስ እትዬን ጠየቅኩ። "ሹፌሩ ደውሎ ነበር?"

"እኔ ገበያ ነበርኩ" አሉ፤ ሽንኩርት መላጣቸውንም አላቆሙ።

ራት ላይ አንድ ነገር ሆነ። እትዬ ሳይጸልዩ እንጀራ አይቆርሱም፤ ጸሎታቸው ደግሞ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ነው። ዛሬ "እስቲ አንቺ ጸልዪ" አሉኝ። በአብ በወልድ ብዬ በአጭሩ ጨረስኩ። እሳቸው አልበሉም። "ብዪ"ም አላሉኝም። ያመማቸው መሰለኝ፣ ግንባራቸውን ዳሰስኩ። እጄን አወረዱት።

አባዬ ደወለ። ነገ በጠዋት ይነሳል። አይሱዙው ተገኝቷል።

ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፤ ለየትኛው ጉዞ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ታምራት አልጋ ላይ ተጋድሜ ኮርኒሱን አያለሁ። አለቀልኝ።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ እትዬ በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ነው፤ እቅፋቸው ውስጥ ካርቶን አለ። ከባድ ነው። ድምፁን ሰምቼ አወቅኩት።

"ከትናንት ጀምሮ እኔ ጋ ነው" አሉ። "ሹፌሩ ደወለልኝ፣ ሄጄ ተቀበልኩት። አልጋዬ ሥር ነው ያደረው። ልጸልይ ስንበረከክ ካቴናው አለ። ጌታ ሆይ ስል ካቴናው አለ። እንዲሁ ነጋ። ጌታ መንገዷን ይዝጋው ብዬ ለመንኩ፣ እሱ ሳይዘጋው እኔ ዘጋሁት።"

ጮህኩ። "እርስዎ" በምለው ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ዛሬ ጮህኩ። "እስረኛዎ ነኝ? ትናንት ስለፋ ሲያዩኝ አላሳዘንኩዎትም?"

የታምራት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"ታምራትም ዲላ ደርሼ እመለሳለሁ ነው ያለኝ" አሉ። "በጓደኛው ሞተር ተፈናጦ፣ ከዚሁ በር ላይ። ለማታ ይመጣል ብዬ ስንቅ እንኳን አልቋጠርኩለትም። ከሰነበተ በኋላ ከናይሮቢ ደወለ። በሞያሌ ነው የወጣው። ስንት ዓመቱ! እኔ ያ መንገድ ሰው ሲወስድ እንጂ ሲመልስ አላየሁም፣ ልጄ።"

ንዴቴ አልበረደም። ግን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ካርቶኑን ይዤ ወጣሁ። ልኩ ነው። ወፍራም፣ ከነቅባቱ።

እትዬ ተከትለውኝ መጡ። "ምን ልርዳሽ?" አሉ። ጎማውን በእጅዎ ቀስ አድርገው ያዙሩልኝ አልኳቸው። እሳቸው እያዞሩ፣ እኔ እያንዳንዷን መገጣጠሚያ እያየሁ ሠራን። ስጨርስ ካቴናውን ነካ አድርገው "ላልቷል፣ አጥብቂው እንጂ" አሉ።

"መላላት አለበት፣ እትዬ። ሁለት ጣት ያህል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ራሱ ይወጠራል፤ አሁን ካጠበቅኩት ያኔ ይበጠሳል።"

ሁለት ጣታቸውን ከሥሩ አስገብተው ወደ ላይ ገፋ፣ ለቀቅ አደረጉት። ደግመው ገፋ፣ ለቀቅ። ጣታቸው ጠቆረ። ነጠላቸው ላይ ሊጠርጉት ሲሉ ጨርቅ ሰጠኋቸው።

ስንቅ ቋጠሩልኝ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሌላ ዳቦ። ለአንድ ሰው አይደለም፣ ለሠርግ ነው። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በሩን ከፈቱት።

"ከሞያሌ ደውዪልኝ። አልፈሽ አይደለም። ከዚያው ከሞያሌ።"

ጧፉን ገብርኤል አስገብቼ ወጣሁ። ስሳል ትክክለኛው ካቴና ገና ከአዲስ አበባ አልተነሳም ነበር፤ ሲደርስ ደግሞ ጴንጤ አልጋ ሥር አደረ። ቢሆንም ስለት ስለት ነው።

ዲላ ምሳ ስበላ አባዬ ደወለ። "ሀዋሳ ነኝ። አንቺ የት ነሽ?" ዲላ አልኩት። ቁጣውን ጠበቅኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ የአይሱዙውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራዋለች። እስከ ሰኞ አትሄድም ትለኛለች" አለኝ። ከኋላው "ብላ! ኧረ ብላ!" ይሰማል። ሹካውን ጥዬ ሳቅኩ። ይበላታል!

ያቤሎ ነው የማድረው። ካቴናውን ጠርጌ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ዘበኛውን "ሞተሬን እንዳትነካ፣ በእግዜር" ብዬዋለሁ።

እሁድ

ሞያሌ።

የራስ ቁሬን ሳላወልቅ ልደውል ነበር፣ ጆሮዬ እንደተሸፈነ ትዝ አለኝ። አወለቅኩ። አቧራ፣ የጭነት መኪና ሰልፍ፣ ባጃጅ። የጠበቅኩት ምን ነበር? እንጃ። ደስ ብሎኛል።

"እትዬ፣ ከሞያሌ ነኝ።"

ወንበር ሲጎትቱ ሰማሁ።

"ድንበሩ ይታይሻል?" አሉ።

"ይታየኛል።"

"ምን ይመስላል?"

"በር ነው፣ እትዬ። ሰው ያልፍበታል።"

"ሲወጣ ብቻ ነው? ሲገባም ይታይሻል?"

ዞሬ አየሁ። አንዲት ሴት ከወዲያ በኩል ፌስታል አንጠልጥላ ትመጣለች። ከኋላዋ ቦርሳ ያዘለ ወጣት አለ።

"ሲገባም ይታየኛል። አሁን ሁለት ሰው ገባ።"

"አትዝጊው" አሉ። አልዘጋሁትም። የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች፣ ጋሪ የሚገፋ። እሳቸው "እሺ" ይላሉ፣ "እሺ፣ ሌላስ?" ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ።

ከመቋረጡ በፊት መቼ እንደምመለስ ጠይቀውኝ ነበር። ነገ እነሳለሁ አልኳቸው። ማመናቸውን እንጃ። በሩን ከፍተው እስኪያዩኝ የሚያምኑ አይመስለኝም።