አምስት ደቂቃ ቀድሞ የተደወለው ደወል

ይድረስ፣ ሜይን ውስጥ በእህቷ ቤት ምድጃ አጠገብ ለተቀመጠችው ለእማማ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? እህትሽ አሁንም ድመቶቿን ከሰው በላይ ታከብራለች? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን በዚህ ደብዳቤ ላለመዋሸት ወስኛለሁ። እናቴ ደህና ናት። ውሻው ደህና ነው። ወደቡ በረዶ ይዞ ጀልባዎቹ ሁሉ እንደታሰሩ ናቸው። እኔ ደህና አይደለሁም።

እባክሽ መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ከዚያ ለአባባ የሚነገረውንና የማይነገረውን አንቺ ትመርጫለሽ።

እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «አባቴ ጉንፋን ይዞት አየር ሊለውጥ ሄደ» እያለች ነው። አባባ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አንድም ቀን አየር ለውጦ እንደማያውቅ ወደቡ በሙሉ ያውቃል። ለምን እንደሄደ የማውቀው እኔ ነኝ። ያባረርኩት እኔ ነኝ።

መቼም የዚህን ከተማ ሰው ታውቂዋለሽ። አንድ ሰው ድሮ ስለ ዓሣ ነባሪ ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ፤ እኛ ይኸው እስከ ዛሬ በእሱ እንተዳደራለን። ልብስ አጣቢው ቤት ስሙ ነጩ ዓሣ ነባሪ ነው። የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ያ አውሬ ጥርሱን ፍቆ ይስቃል። መጽሐፉን አንብበው የሚመጡ እንግዶች «የመርከብ አፍንጫ የሚመስለው መስበኪያ የታለ?» እያሉ ስላሰለቹ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያልነበረውን አሠርቶ አቆመ። በየጥሩ ደግሞ ሽማግሌው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰብና መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ በየተራ ጮክ ብሎ ያነባል። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ፤ ደወል ሲደወል ቀጣዩ ካቆመበት ይቀጥላል። የተቀመጠው ሕዝብ ደግሞ የየራሱን መጽሐፍ ዘርግቶ ይከታተላል፤ ግማሹ በአፉ፣ ግማሹ በማንኮራፋት።

ማን የትኛው ገጽ እንደሚደርሰው አይታወቅም። ከአባባ በስተቀር። ለእሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያው የገመዱ ምዕራፍ ነው የሚደርሰው፤ በጀልባው ውስጥ ተጠምጥሞ ስለሚቀመጠው፣ ሰው ይዞ ስለሚሄደው ገመድ። ንባቡን የሚመሩት ወይዘሮ ፓርሎው ደወሉን እያዘገዩ፣ ፈጣን አንባቢ ከፊቱ እያደረጉ ያደርሱለታል። እኔ ይህን አድልዎ ነው እል ነበር። ገመድ ሁለት ጣቱን ስለወሰደበት ነው የሚያዳሉለት እያልኩ ለጓደኞቼ አወራ ነበር።

የንባቡ ሳምንት ማክሰኞ እራት ላይ ያልነውን ታስታውሺያለሽ። «አባባ፣ አንተ እኮ የምታውቀው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው» አልኩት። «አንቺ የባሕር ቁንጫ!» አለኝ፤ «መርከቡን ከታች እስከ ምሰሶው ጫፍ አውቀዋለሁ። ከፈለግሽው ቦታ ክፈቺና ስጪኝ!» አንቺ የጎመኑን ሾርባ እየጨለፍሽ ነበር። ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። አይቼዋለሁ። ሾርባው አቃጥሎሽ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ፓርሎው ሳል ይዟቸው ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ደወሉን ለእኔ ሰጡኝ። «የጥርስ ሐኪሙ ብዙ እጅ ስላለው የባሕር ፍጥረት የሚያወራውን ሳይጨርስ እንዳትደውዪ። ሰዓቱን አትይ፤ ምዕራፉን እይ። ከዚያ አያትሽን ጥሪ» ብለው ሁለቴ አስጠነቀቁኝ። እኔም በጣም ጨዋ ሆኜ እሺ አልኩ። ጓደኞቼ ከኋላ ተቀምጠው በክርናቸው ይጎሻሸሙ ነበር፤ የማደርገውን ነግሬያቸው ነበር።

አምስት ደቂቃ አስቀድሜ ደወልኩት። የጥርስ ሐኪሙ በዓረፍተ ነገር መሃል አፉን ከፍቶ ቀረ። «አቶ ቤልሚሮ!» ብዬ ጠራሁ።

አባባ የእሑድ ኮቱን ለብሶ ወጣ። መነጽሩን አስተካከለ፤ የቀሩትን ጣቶቹን ገጹ ላይ አሳረፈ። ከዚያ በዚያ በምታውቂው ድምፁ የገመዱን ምዕራፍ ጀመረ።

እማማ፣ ሦስት መቶ ሰው በአንዴ ገጽ ሲያገላብጥ ምን እንደሚመስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አሞራዎች ከጀልባ ላይ በአንዴ ሲነሡ የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል። ሁሉም ይፈልጋል፤ ሁሉም አጠገቡ ያለውን ያያል። አንድ ሰው ከኋላ «አባቴ፣ ገና ነን እኮ! ገመዱ ጋ አልደረስንም!» ብሎ ጮኸ። ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው ሰው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ የሳቁት እኔን ሰምተው ነው።

አባባ አቋረጠ። አንዲት ደግ እንግዳ ሴት ከፊት ተነሥታ ሄደችና መስመሩን በጣቷ እየጠቆመች «እዚህ ጋ ነው የኔ ጌታ፣ ከዚህች ቃል» አለችው። እሱም ጣቷን አየ። መስመሩን ሳይሆን ጣቷን። ከዚያ «መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» አለ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር። ሰው የቀለደ መስሎት እንደገና ሳቀ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። ሲወርድ በአጠገቤ አለፈ። አልተቆጣኝም። ቁንጫ እንኳ አላለኝም። የመኪናውን ድምፅ ሰማሁ፤ ቤት ስደርስ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ የድሮውን ሁሉ እያነሣሁ እጥላለሁ። ምግብ ቤት ስንሄድ «ልጅቷ ያዘዘችውን አምጡልኝ» የሚለው። የመድኃኒቱን ብልቃጥ «አንቺ አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል» እያለ የሚያስነብበኝ፤ እኔም ድምፄ እውነት ጥሩ መስሎኝ የምኩራራው። በየታኅሣሡ አንቺ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጥሽ፣ መጽሐፉን በስኳር ዕቃው አስደግፈሽ፣ አንድ መስመር ትዪና እሱ ተከትሎ የሚለው። እኔ ልምምድ ነው ብዬ፣ እንደ በቀቀን እየተንጫጫሁ አሾፍባችሁ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀልባ ላይ እንደወጣም ስንቴ ነግሮኛል፤ የጀብዱ ታሪክ ነበር የሚመስለኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ለጓደኞቼም አልነገርኩም፤ ለማንም አልነግርም።

የነገርኩት የራሴን ነው። ሰኞ ወይዘሮ ፓርሎው ቤት ሄጄ ሆን ብዬ እንደደወልኩ ተናዘዝኩ። እንዲቆጡ ፈልጌ ነበር። አዩኝና «ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ። እኔ ስወጣ በሩ ላይ «ስሙ ለመጪው ዓመት ዝርዝር ውስጥ ነው፤ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ነው የጻፍኩት» አሉኝ።

ከዚያ ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት የሚሰበሰቡበት ዳቦ ቤት ገባሁ። ቆሜ «ያን ቀን የተሳሳተው አያቴ አይደለም፤ እኔ በተንኮል ቀድሜ ደውዬ ነው። እሱ የራሱን ምዕራፍ ነው ያነበበው» አልኳቸው። ሽማግሌው ጉስታቮ ዳቦውን አስቀመጠና «እንግዲህ ደወሏ አንቺ ነሽ! በጉንጭሽ ብንደውልብሽ ደስ ይለን ነበር» አለኝ። ሌላው «ቤልሚሮ ለገመድ ሁለት ጣት የከፈለ ሰው ነው፤ አንቺ ለቀልድሽ ምን ከፈልሽ?» ሲል ጨመረበት።   አሁን በወደቡ ስሜ ደወሏ ሆኗል። ይገባኛል።

ከደብዳቤው ጋር አንድ የድምፅ ካሴት አለ፤ የእህትሽ አሮጌ ማጫወቻ ይሠራል ብላኛለች እናቴ። ያን ቀን ላጠምደው የመረጥኩትን ገጽ ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አንብቤበታለሁ። አራት ጊዜ ደመሰስኩት፤ በየመሃሉ ቀልድ እያመለጠኝ። አምስተኛው ቀልድ የለበትም። አባባ ሊሰማው ካልፈለገ ባሕር ውስጥ ይወርውረው፣ አልቀየምም። ከፈለገው ግን ቀጣዩን፣ ከዚያም ቀጣዩን በየሳምንቱ እልካለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለአባባም እንቅልፉን ይመልስለት፤ ሁለታችሁንም በመንገዱ ጠብቆ ወደ ቤታችሁ ያምጣልን።

አንድ ነገር ንገሪው። ገጹ መሃል ላይ አንድ የጀልባ ዕቃ አለ፤ ቃሉን አንብቤዋለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። መዝገበ ቃላቱም አልረዳኝ። እዚያ ጋ ስደርስ ዝም ብያለሁ። ዝምታው ረጅም ነው፤ ማጫወቻው የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። እሱን ነው የምጠብቀው።

የልጅ ልጅሽ