የከሰመችው ነጥብ

ረቡዕ፣ ኅዳር 14፣ ከምሳ በኋላ
ከቢሮ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ሰኞ ክው እንዳልኩ ይኸው እስካሁን አልተመለስኩም። በእጅ ጽሑፌ እንደ ድሮው እንዳትስቂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳተላይቱ ከሩቅ ጠፈር አንድ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ጠቆመን። ብልጭታው እንደምታውቂው በሰከንዶች አለቀ፤ እኛም ቴሌስኮፑን አዙረን ከኋላው የሚቀረውን ብርሃን ፍለጋ ገባን። ለእናታችን "እሳቱ ጠፍቶ ፍሙ ሲከስም ነው የምናየው" ብለሽ ስታስረጃት "ለፍም ይሄን የሚያክል ሕንፃ?" ያለችሽ ትዝ ይልሻል? ለዓይን በሚታየው ብርሃን ምንም አጣን። በኢንፍራሬዱ ካሜራ ግን አንዲት ነጥብ አለች።

እኔም አመሌን አልተውኩም፤ የካሜራ እንከን ናት አልኩ።

አባ ብሎንን አትረሺውም፤ ኪሱ ከብሎን የማይለየው የካሜራ ጠጋኙ። ሽበት በሽበት ሆኗል፤ ነገረኛነቱ ግን እንዳለ ነው። እንከን ከሆነች የድሮ ምስል ላይም እዚያው ቦታ መገኘት አለባት፣ ካሜራው እንደሆነ ያው ነው፣ እህትህ ያነሳቻቸውን እንክፈትና እንይ አለ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ያኔ ከሌላ ፍንዳታ በኋላ ያነሳሻቸውን የሦስቱንም ቀን ምስሎች ከፈትን። የአሁኗ ነጥብ የለችም፤ አንቺ ግኝት ያልሻት ግን ሌላ ቦታ ላይ አለች። በየምስሉ መሃል ቴሌስኮፑን ትንሽ ፈቀቅ እናደርገው የለ? እንከን ካሜራው ላይ ባለበት ይቀራል፤ የሰማይ ብርሃን ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ያንቺ ነጥብ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ደከመች፤ በሦስተኛው ልትጠፋ ምንም አልቀራት። እንከን አይከስምም፣ እህቴ።

አባ ብሎን ስክሪኑን ትቶ እኔን እያየ፣ "አይቻቸዋለሁ ብለህ አልነበር እንዴ?" አለኝ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት "የሦስቱን ቀን ምስሎች መርምሬአለሁ፤ የካሜራ እንከን ነው" ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በዚያች ፊርማ የምርምር ጽሑፍሽ ወደቀ፣ ዝርክርክ ተባልሽ፣ ሥራሽን ጥለሽ አገር ለቀሽ የልጆች ሂሳብ አስተማሪ ሆንሽ። በር ላይ "ጋሼ" ማለቱን ትተሽ "ደህና ይሁኑ" ያልሽኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ግን ያየሁት የመጀመሪያውን ምስል ብቻ ነበር። በአንድ ምስል እንከንና ብርሃን እንደማይለይ ደግሞ ያስተማርኩሽ እኔው ራሴ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ግን ማደር አይባልም።

ትናንት ስብሰባ ላይ ሁሉም ባለበት ቆሜ ተናገርኩ። ግኝትሽ በስምሽ ይወጣል፤ ደብዳቤው ከነማኅተሙ በሌላ ፖስታ ይደርስሻል። ቦታሽም ከፈለግሽው ክፍት ነው ብለዋል። እኔ ተመለሺ የምልበት አፍ የለኝም።

ሰብሳቢዋ ሌሎቹን ምስሎች ለምን እንዳልከፈትኩ ጠየቀችኝ። ጊዜ አጥቼ ነው አልኳት። አመኑኝ፤ እንዲያውም አንዳንዱ አዘነልኝ። እናታችንም ስነግራት "ሥራ በዝቶብህ ነው" ብላ ራሴን ዳበሰችኝ።

ላንቺ ግን ይህን ውሸት አልደግመውም። ጊዜ ነበረኝ። ያን ዕለት ከሰዓት ሙሉ በሬን ዘግቼ ከምስሎችሽ ፊት ተቀምጬ ነበር። ትክክል ሆነሽ እንዳላገኝሽ ፈርቼ ነው ያልከፈትኳቸው።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ክፉ ሰው ከደጅሽ ይራቅ፤ እኔም ብሆን።

ወንድምሽ