ስምንት ዓመታቸውን የመለሱት አቶ ደምሰው ሽፈራው

አቶ ደምሰው ሽፈራው ከአባታቸው ከአቶ ሽፈራው በዳኔ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሠርካዲስ ወርቁ ታኅሣሥ 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። ቀኑን የሚስት የለም፤ እናታችን ቁልቢ ለመሄድ ስንቅ ቋጥረው ሳሉ ምጥ ይዟቸው፣ በበዓሉ ዕለት ነው የታቀፏቸው። ይህን አጥብቀን የምንጽፈው በአሜሪካ ወረቀታቸው ላይ ሌላ ቀን ስለሰፈረ ነው።

በተወለዱበት ከተማ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረው፣ በ1972 ዓ.ም. ወጣቱ በሚታፈስበት ጊዜ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። በስደተኞች ጣቢያ የተወለዱበትን ዘመን ሲጠየቁ 1955 አሉ። እሳቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተናገሩ፣ ጸሐፊው በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈ፤ ወሩንና ቀኑንም እንደ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ አንድ አደረገው። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ሆነው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዴንቨር ሲደርሱም በወረቀት ሃያ ስምንት ዓመት ስለሞላቸው ሃይስኩል የሚያስገባቸው አልተገኘም። ትምህርታቸውን አለመጨረሳቸው ብዙ ዘመን ሲቆጫቸው ኖሯል።

መጀመሪያ የሠሩት ዛሬ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር አውሮፕላን ማረፊያ በነበረ ጊዜ ሻንጣ በመጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከወ/ሮ ከበቡሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኮከብንና ቅዱስን ወለዱ። በነገራችን ላይ የከበቡሽ ቤተሰቦች የሙሽራውን መታወቂያ አይተው ልጃችንን ለሽማግሌ አንሰጥም ብለው ነበር። ስለ ድሬዳዋ ልጅነታቸው ምስክር ሆኜ ያስማማሁት እኔ ታናሽ እህታቸው ፀሐይ ነኝ።

የአውሮፕላን ማረፊያው ሲዛወር፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ከዴንቨር በስተሰሜን ባለ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ተቀጠሩ። ከሰሉን ወደ ምድጃው በሚያጓጉዘው ቀበቶ ላይ ጀምረው የፈረቃ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሱ። በሥራቸው ይኮሩ ነበር። በበረዶ ቀን በምንኖርበት በአውሮራ ከተማ በየቤቱ መብራት ሲበራ ባዩ ቁጥር ይህ የኔ እጅ ነው ይሉ ነበር፤ እኛም እሺ ጋሼ፣ ሒሳቡን ግን እኛ ነን የምንከፍለው እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ማመንጫው በሦስት ዓመት ውስጥ እንደሚዘጋ ተነገረ። አየሩ እንዲጸዳ ከሰል መቅረቱን ጋሼ አልተቃወሙም። እሳቸውን ያሳሰባቸው ማን ሜዳ ላይ ይቀራል የሚለው ነበር። የመዝጊያው ዕቅድ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እስከ ጡረታ እየተከፈላቸው እንዲያርፉ፣ ከዚያ በታች ያሉት አዲስ ሙያ ተምረው ሥራ እንዲይዙ ይላል። የከሰል አቧራ የሚጠርጉት ዘጠኝ የኮንትራት ሠራተኞች ግን በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ገሚሶቹ የእኛ አገር ሰዎች፣ ገሚሶቹ ሜክሲኳውያን ሲሆኑ፣ ወ/ሮ ምንትዋብን የመሰሉት አሥራ አራት ዓመት እዚያው ጠርገዋል።

ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ከሚያርፉት ሠራተኞች በዕድሜ አንጋፋው ለራሱ የሚሻማው ነገር ስለሌለ አንድ ወንበር ይሰጠው ተባለ። በወረቀት አንጋፋው አቶ ደምሰው ሆኑ። በሦስት ስብሰባ ስለ ዘጠኙ ተከራከሩ፤ በሦስቱም ስማቸው በቅጥር መዝገብ የለም የሚል መልስ አገኙ።

በዚህ መካከል ጋሼ እንቅልፍ አጡ። ዕረፍቱም ወንበሩም የመጣላቸው በተሳሳተ ልደት ነው። ከራስ በላይ ነፋስ ብለን የመከርናቸው ብዙዎች ነን፤ እኔም አለሁበት። ከበቡሽም፣ «ደሜ፣ ጉልበትህ አልቋል። ወረቀቱን አንተ አልጻፍከውም፣ ተወው» አለቻቸው። እሳቸው ግን «እኔ በሐሰት ዝርዝር ተቀምጬ የሌላውን ስም በእውነት አስገቡ ማለት አልችልም» ብለው፣ ከድሬዳዋ የክርስትና ምስክር ወረቀታቸውን አስላኩ።

በአራተኛው ስብሰባ ምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የተናገሩትን እዚያ የነበሩ ሁሉ ያስታውሱታል፤ «ወረቀት ይሳሳታል። እኔን ስምንት ዓመት አስረጅቶኛል። እነዚህን ዘጠኝ ሰዎች ደግሞ ጭራሽ አልወለዳቸውም። የኔን አርሙ፣ የነሱንም አርሙ።»

የእሳቸው ወዲያው ታረመ። ዕረፍቱ ቀረ፣ ወንበሩም ዴል ለሚባሉ አንድ አሜሪካዊ ባልደረባቸው ተሰጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ሆኖም አቶ ዴል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ በመጀመሪያ ያነሱት የዘጠኙን ጉዳይ ነበር፤ በአንድ ድምፅ ብልጫም አለፈ። ጋሼ በየቅዳሜው ሃቫና ስትሪት ባለ አንድ ምግብ ቤት ጥግ ይዘው የዘጠኙን ማመልከቻ አብረው ሞሉ። ልደት የሚለው ጋ ሲደርሱ እርሳሳቸውን አውጥተው የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር።

ከዚያም በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው የፀሐይ ኃይል ተከላ ለመማር ከዘጠኙ ጋር ክፍል ገቡ። በሒሳቡ መጀመሪያ ወደቁ። ኮከብ አጠገባቸው ተቀምጣ «ዳዲ፣ ዋን ሞር ታይም» እያለች አስጠንታቸው በሁለተኛው አለፉ፤ የምረቃውን ቀሚስ ለብሰው መኪና ሲነዱ ውለዋል። ደመወዙ ከድሮው ስላነሰ ሁለት ዓመት ጠቦን ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከዘጠኙም ሁለቱ አቋርጠው ወደ ሹፍርና ሄደዋል። ሰባቱ ግን ዛሬም በሙያው ላይ ናቸው፤ ምንትዋብም ሎውሪ በሚባል ሰፈር በትምህርት ቤት ጣራ ላይ የፀሐይ ኃይል የሚተክል ቡድን ትመራለች። በዚያ ጣራ ላይ አቶ ደምሰው የእሷ ሠራተኛ ነበሩ፤ ስትቆጣቸውም ደስ ይላቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት በጣፊያ ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የቤተሰቡን ስም እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን አቢጊያንና ራሴን አነበብኩ። አዳመጡና «ዘጠኙስ?» አሉኝ።

አቶ ደምሰው ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሐዘንተኞቻቸው ባለቤታቸው ወ/ሮ ከበቡሽ፣ ልጆቻቸው ኮከብና ቅዱስ፣ የልጅ ልጃቸው አቢጊያ፣ እህታቸው ፀሐይ፣ እንዲሁም በዚህ ወረቀት ጀርባ ስማቸው በሙሉ የታተመው ዘጠኝ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቀብሩ ላይ የቤተሰብ ረድፍ ሲጠራ ዘጠኙም ከእኛ ጋር እንዲቆሙ እንለምናለን።

አንድም ሰው ሳያስቀር በየስሙ የሚጠራ አምላክ የጋሼን ነፍስ ከወዳጆቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።