የእማሆይ ምሳ ሰዓት

ማክሰኞ፣ ማርች 7፣ 2006

እማሆይ ዛሬም በቅጡ አልበሉም። ቁርስ ብቻ፣ ምሳ ምንም፣ እራት ምንም። ሚዛን ላይ አወጣኋቸው፤ ሰማንያ ዘጠኝ ፓውንድ፣ አርባ ኪሎ ገደማ። ባለፈው ሳምንት ዘጠና ሁለት ነበሩ። ሱፐርቫይዘሯ ዳያን ቻርቱን፣ የምግብና የክብደት መዝገቡን፣ አየችና "ሰዓዳ፣ የዛሬ ሳምንት ከዚህ ከወረዱ እኛ ጋ አይቆዩም፤ በቱቦ ወደሚመግቡበት ቤት ይሄዳሉ" አለችኝ።

"እማሆይ" የምላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ታይላንዳዊት ናቸው፣ የቡድሃ መነኩሴ፤ ራሳቸው የተላጨ፣ ልብሳቸው ነጭ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ኦሮራ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ቤታችን ከመጡ ወር ሆናቸው። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት "ታንክ ዩ" ብቻ ነው።

እኔ እጄም አፌም ፈጣን ነው። አልጋ ስቀይር ሰውን እንደ ጆንያ ታገላብጣለች ተብዬ ሁለት ጊዜ ተከስሻለሁ። እሳቸውን ሳጥብ ግን እጄ በራሱ ቀስ ይላል። ክንዳቸውን ሲያነሱ፣ ኩባያ ሲይዙ፣ ዝም ብለው ሲቀመጡ፣ ሁሉ ነገራቸው በአደብ ነው። እሳቸውን ያጠብኩ ቀን ከማንም ጋር አልጣላም። ሰው በገላውም ደግ ይሆናል እንዴ?

ረቡዕ፣ ማርች 8

እልህ ያዘኝ። እራት ላይ ሩዝ በሾርባ አለስልሼ ማንኪያውን ወደ አፋቸው ወሰድኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "በሞቴ!" አልኳቸው በአማርኛ። "አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ!" እጄንም አላወርድ አልኩ። እኛ ዘንድ የተዘረጋ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ! ትኩር ብለው አዩኝና አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኳቸው። ሠለስኳቸውም።

ቻርቱ ላይ "እራት በልተዋል" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ወደ ቤት ስነዳ ሃቫና ስትሪት ላይ ቀይ መብራት እየጠበቅሁ ብቻዬን ዘፈንኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 9

ጉድ ነው። ዛሬ ቁርሱንም ተዉት።

ስገባ መሬት ላይ ናቸው፤ ባልዳነ ዳሌ ተንበርክከው ትንሿ የቡድሃ ምስላቸው ፊት ይሰግዳሉ። "ያ አላህ! ሊሰበሩ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ፈገግ ብለው እጄን መታ መታ አደረጉኝ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ዳያን "ትናንት በልተው ዛሬ ምን ሆኑ?" ስትለኝ "እኔ እንጃ" አልኩ። ማስገደዴን አልነገርኳትም።

የሆነ ነገር አጥፍቻለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ማርች 11

አወቅሁት። ምነው ባላወቅሁት!

ኖይ መጣች፤ ሃቫና ስትሪት ላይ ምግብ ቤት ያላት፣ ከእማሆይ ቤተ መቅደስ የምትመጣ ሴት። ሁልጊዜ ሥራዋን ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ነው የምትጠይቃቸው። የረቡዕን ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። "ከቀትር በኋላ አይበሉም እኮ! አርባ ዓመት ጠብቀውታል። ቀን በልተው የሚያድሩ ነበር የመሰለኝ።"

የኛ ቤት ምሳ የሚወጣው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወር ሙሉ በቀን ሦስቴ አቀረብንላቸው ስንል፣ ለሳቸው የሚሆነው ቁርስ ብቻ ነበር። ቻርቱ ደግሞ "እምቢ ይላሉ" ይላል።

ከሰው ሁሉ እኔ! በረመዳን "ትንሽ ቅመሺ" የሚለኝን ሰው ዓይኑን ላጠፋው የምደርስ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ታዲያ ለምን ጎረሱልኝ?" ብላ እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት። እማሆይ ቀስ ብለው መለሱ፣ ኖይ አስተረጎመች፦ "ፊቷን አየሁት። ብመልሳት ታዝን ነበር። የኔን ጥፋት ግን በማግስቱ ቁርስ ትቼ፣ ሰግጄ ካስኩት፤ ቃሌንም አድሼ ጀመርኩ።"

"ገላዎን ግን ጠልተውታል? አለቁ እኮ!" አልኩ። ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

"ለምን እጠላዋለሁ? አልሰርቅም የሚለው እጄ ነው፣ ክፉ አልናገርም የሚለው አፌ ነው። ገላዬ ከሌለ በጎነቴን በምን እሠራዋለሁ? በሰዓቱ ስጡኝ፣ እበላለሁ።"

ወር ሙሉ አንድ ሰው አልጠየቃቸውም። እኔም ጭምር።

እሑድ፣ ማርች 12

ዳያን ጋ ደወልኩ። "ኩሽናው ለአንድ ሰው ሰዓት አይቀይርም" አለች።

ወደ ኩሽና ወረድኩ። ወጥ ቤቱ ጋሽ ተስፋይ ኤርትራዊ ናቸው፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ከኔ የተሻለ አማርኛ የሚያውቁ። ነገሩን ስነግራቸው ማማሰያውን አስቀመጡ።

"መነኩሲት በሰዓት ሰበብ በረሃብ ልትሞት ነው? እናቴ ይህን ብትሰማ ከመቃብሯ ተነስታ በጥፊ ትለኛለች። አምስት ሰዓት ላይ ነይና ውሰጂ።"

"ዳያንስ?"

"ዳያንን ለኔ ተያት።"

በአምስት ሰዓት ሩዝ፣ እንቁላል፣ ሙዝ ይዤ ገባሁ። ትሬዩን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ "ብሉ ብሉ" እንዳልል ምላሴን ነክሼ። በዝግታ በሉ፣ እያንዳንዷን ጉርሻ አላምጠው። አንድ ፍሬ ሩዝ አልቀረም!

ሰኞ፣ ማርች 13

ቁርስ፣ ሙሉ። የአምስት ሰዓቱ ምሳ፣ ሙሉ። እራት አላቀረብኩም።

ዳያን ጋ ገብቼ የረቡዕን እውነቱን ነገርኳት፤ እምቢ እያሉኝ እንዳጎረስኳቸው፣ ሐሙስም እንደዋሸኋት። ሦስተኛ ክስ ከሆነ መባረር ነው። እስክሪብቶ አቀበለችኝና "ቻርቱ ላይ እንደነበረው አድርገሽ ጻፊው" አለች። ጻፍኩት። ስለ እማሆይ መቆየትና ስለ አምስት ሰዓቱ ምሳ ስጠይቃት ግን "ነገ ሚዛኑን እንይ" ብቻ።

ማክሰኞ፣ ማርች 14

ከቁርስ በፊት ዳያን ራሷ መጣች። እማሆይ ክንዴን ይዘው ሚዛኑ ላይ ወጡ። ቁጥሩ ሲዋልል ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሰማንያ ዘጠኝ ተኩል።

ዳያን "እስቲ እንደገና" አለች። ወረዱ፣ ወጡ፤ ያው ነው። ግማሽ ፓውንድ! ቻርቱን ተቀበለችኝና በእጇ፣ በፈረንጅ ሰዓት፣ "ምሳ 11:00፣ እራት አይቀርብም" ብላ ጽፋ ፈረመች። "ይቆዩ" አለችኝ። "እየተመዘኑ ግን።"

ኖይ የለችም፣ ቋንቋ የለኝም። አልጋቸውን ጠቆምኩ፣ መስኮታቸውን ጠቆምኩ፣ ወለሉን ጠቆምኩ። "እዚህ! እዚሁ!" ገባቸው። መዳፋቸውን አጋጥመው ለኔ ጎንበስ አሉ፤ ለኔ! ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

የሚመጣው ማክሰኞ ደግሞ ሌላ ሚዛን አለ። ይውጣ ይውረድ አላህ ያውቃል። ዛሬ ግን አልሃምዱሊላህ፣ አልሄዱብኝም።