የሃዊ ጽጌረዳ

አምቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቢጊያ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ይህን ልጻፍ አልጻፍ ብዬ አመነታሁ። ደህና ነን፤ እማዬንም ሳሉ ለቅቋታል።

በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ትተሽልኝ የሄድሽውን መደብ አሁን ተከራያችን ሃዊም ትተክልበታለች። የእሷ ጽጌረዳ ቀድሞ አበበ። እማዬ "ወይ የኔ ልጅ፣ እጅሽ የተባረከ!" ብላ አቀፈቻት፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሳጠጣ የእሷን እዘልላለሁ፤ ጠውልጓል።

ዛሬ ፓስተራችን፣ ማርያም ከሞት የተነሣው ጌታ አትክልተኛ መስሏት በስሟ ሲጠራት እንዳወቀችው ሰበኩ። ሃዊ በሹክሹክታ "ናኦሚ፣ አሁን ጌታ አንቺን ቢጠራሽስ?" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እማዬ ስትደውልልሽ ስለ እኔ የምትለውን ጻፊልኝ። ጌታ በሄድሽበት ይጠብቅሽ። ነገ ከትምህርት በፊት ጀሪካኑን ሞልቼ ከሃዊ ጽጌረዳ እጀምራለሁ።

ናፋቂሽ ናኦሚ